የወገብ ሞዴል ልትሠሩ ነው? ከሶፍትዌሩ በፊት ጥያቄያችሁን ያዙ

የባዮሜካኒክስ፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚያርፈውን ኃይልና እንቅስቃሴውን የሚያጠናው ትምህርት፣ ተማሪዎች ቶሎ ቶሎ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ኦፕንሲም ልማር ወይስ አባከስ?» እኔም «ምን ለማወቅ?» ብዬ እመልሳለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ «የወገብ ሞዴል ለመሥራት» ነው። ይሄ ደግሞ ጥያቄ አይደለም። ሞዴል የሚሠራው አንድ ነገር ለማወቅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለቱ ሶፍትዌሮች ተፎካካሪ አይደሉም። ኦፕንሲም አንድ ሰው ዕቃ ሲያነሳ የጀርባው ጡንቻ ስንት ኒውተን እንደሚስብ ይነግራችኋል። አባከስ ያ ኃይል በአከርካሪዎቹ መሃል ያለው ዲስክ ላይ ሲያርፍ የትኛው ክፍል እንደሚወጠር ያሳያችኋል። አንዱን በሌላው ቦታ ከተጠቀማችሁ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ መልስ ግን አታገኙም።

የታችኛው ጀርባ 5 አከርካሪዎች አሉት፤ ከኤል1 እስከ ኤል5። ከሥር ሳክረም በሚባለው የዳሌ አጥንት ላይ ይቀመጣሉ። በየመሃላቸው ዲስክ አለ። የዲስኩ መሃል ውሃ የበዛበት ለስላሳ ነገር ነው፤ ኒውክለስ ይባላል። ዙሪያውን ደግሞ አኑለስ የሚባል፣ ቃጫው በንብርብር የተጠመጠመ ቀለበት ይዞታል። ከኋላ ፋሴት የሚባሉ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። 7 ዓይነት ጅማት አለ። ከዚያ በላይ ጡንቻ። ይህን ሁሉ በእኩል ዝርዝር የያዘ ሞዴል አላየሁም። እያንዳንዱ ሞዴል ሆን ብሎ የሚተወው ነገር አለ። ስለዚህ ምርጫችሁ «ምኑን ብተወው አይጎዳኝም?» የሚል ነው።

በወረቀት ጀምሩ

ይሄን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ሳልሠራው ኮምፒውተር አልከፍትም።

አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ 20 ኪሎ ዕቃ በእጁ ይዟል እንበል። ከወገቡ በላይ ያለው ሰውነቱ 340 ኒውተን ይመዝናል፤ የክብደቱ መሃል ከኤል5 በ25 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ወጥቷል። ዕቃው ወደ 200 ኒውተን ነው፤ በ40 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ። ሞመንቱ፣ ማለትም ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ፣ 85 እና 80፣ ድምሩ 165 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህን የሚመክቱት የጀርባ ጡንቻዎች ከመገጣጠሚያው መሃል ያላቸው ርቀት 5 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። 165ን ለ0.05 አካፍሉት፤ 3300 ኒውተን። በዚያ ላይ ከሰውነቱና ከዕቃው ክብደት በአከርካሪው አቅጣጫ የሚወርደውን ጨምሩ። 45 ዲግሪ ካዘነበለ ወደ 380 ኒውተን ነው። ዲስኩን የሚጨምቀው ኃይል 3700 ገደማ መጣ ማለት ነው።

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ከ1981 ጀምሮ የሚጠቀመው ወሰን 3400 ኒውተን ነው። እንግዲህ በእስክሪብቶ ብቻ ወሰኑ እንደታለፈ አያችሁ።

አሁን ያቺን 5 ሳንቲሜትር ወደ 6 ቀይሯት። የጡንቻው ኃይል ወደ 2750 ይወርዳል። በ1 ሳንቲሜትር ለውጥ 550 ኒውተን ጠፋ! የትኛውንም ሶፍትዌር ብትመርጡ ይህች ርቀት ውስጡ ተደብቃ ትኖራለች። የሞዴሉ ባለቤት ከየት እንዳመጣት ካላወቃችሁ ውጤታችሁን አታውቁትም።

ወረቀቱ ሌላም ጥቅም አለው። ኩንታል በጀርባው የሚሸከመውን የመርካቶ ኩሊ አስቡት። ጭነቱ ወደ 1000 ኒውተን ነው። ግን የክብደቱ መስመር በኤል5 አጠገብ ካለፈ ጭነቱ ብቻውን የሚፈጥረው ሞመንት ወደ ዜሮ ይጠጋል። 1000 ኒውተኑ ግን በቀጥታ ወገቡ ላይ ይወርዳል። 20 ኪሎ ከፊት በእጅ መያዝ፣ ከላይ ባሰብነው ሁኔታ፣ ለዕቃው ብቻ 1600 ኒውተን የጡንቻ ኃይል ያስወጣል። «የትኛው ይከብዳል?» የሚለው ጥያቄ በኪሎ ብቻ እንደማይመለስ እዚህ ጋ ይገባችኋል። ምን መለካት እንዳለባችሁም ይገባችኋል፤ ጭነቱ የት እንዳረፈና ሰውዬው ምን ያህል እንደጎነበሰ።

ወረቀቱ የማይችለው ደግሞ ግልጽ ነው። ብዙ ጡንቻ አብሮ ሲሠራ ማን ስንት እንደሚስብ አይነግርም። ወደ ጎን መጠምዘዝ ሲገባበት ይወሳሰባል።

የጡንቻና የአጥንት ሞዴል

እዚህ አከርካሪዎቹ የማይታጠፉ ግትር አካላት ናቸው። በመገጣጠሚያ ተያይዘዋል። ጡንቻዎቹ ደግሞ የሚስቡ መስመሮች ናቸው። እንቅስቃሴውን በካሜራ ቀርጻችሁ ታስገባላችሁ፤ ሶፍትዌሩ የጡንቻውን ኃይልና መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ጭነት ያሰላል።

በዚህ መስክ ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉ። ኦፕንሲም ከስታንፎርድ የወጣ ነው፤ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ኤኒቦዲ ከዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ የተነሳ ነው፤ በክፍያ ነው። ለኦፕንሲም በ2012 ክሪስቶፊና ባልደረቦቹ ያወጡት የወገብ ሞዴል 238 የጡንቻ ዘለላ አለው። ለኤኒቦዲ በ2007 ደ ዜና ባልደረቦቹ ያወጡት 154 ጡንቻ ነበረው። ቁጥሩ ስለበዛ የተሻለ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። አንድን ትልቅ ጡንቻ በ5 ወይም በ10 መስመር መከፋፈል የአሳሳል ጉዳይ ነው።

የኔ ምርጫ? ዩኒቨርሲቲያችሁ የኤኒቦዲ ላይሰንስ ከሌለው አትጨነቁ፤ ኦፕንሲም ይበቃችኋል። በፓይተን ይታዘዛል። ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሰዎች የሠሯቸውን ሞዴሎች ሲምቲኬ በሚባለው መድረክ ላይ ታገኛላችሁ። ኤኒቦዲ የሚበልጠው በሥራ ቦታ ጥናት ላይ ይመስለኛል። ሙሉ ሰውነቱ፣ ወንበሩ፣ መሣሪያው አብሮ ሲሞደል ደስ ይላል። ላይሰንሱ ካለ እሰየው።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። በዚህ መንገድ ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱበት ቦታ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች አከርካሪዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚታጠፉ አስቀድመው ወስነዋል። ሰውዬው በድምሩ 50 ዲግሪ ካጎነበሰ ኤል4 እና ኤል5 መሃል የሚደርሰው ድርሻ በተወሰነ መቶኛ ይከፈላል። የክሪስቶፊ ሞዴልም እንደዚህ ነው። ስለዚህ «ዲስኩ ቢያረጅ ወይም ቢደርቅ እንቅስቃሴው እንዴት ይቀየራል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ምንም አይቀየርም ይላችኋል። ቀድሞውኑ እንዳይቀየር ታስሯልና። ይህንኑ ልታጠና የተነሳች ተማሪ አጋጥማኛለች። «ዲስኩ ለውጥ አያመጣም» የሚል መደምደሚያ ጽፋ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ስህተቱ የተያዘው የመመረቂያ ጽሑፏን ለፈታኞች ከማቅረቧ በፊት ነው።

ሁለተኛው የጡንቻ ክፍፍል ነው። ሶፍትዌሩ ሥራውን በትንሹ ልፋት የሚጨርስበትን ክፍፍል ይፈልጋል። እውነተኛ ሰው ግን ቆጣቢ አይደለም። ሲፈራ፣ ሲያዳልጠው፣ ወገቡን ሲያመው የሆዱንም የጀርባውንም ጡንቻ አብሮ ያጠብቃል። ይህ አከርካሪውን ያረጋጋዋል፤ ዲስኩን ግን የበለጠ ይጨምቀዋል። ተራው ስሌት ይህን አያየውም። ስለዚህ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የምታጠኑ ከሆነ የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምልክት በኤሌክትሮድ ለክታችሁ፣ በዚያ የሚነዳ ሞዴል ያስፈልጋችኋል። ልፋቱ ብዙ ነው። ግን ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ፋይናይት ኤለመንት

እዚህ አጥንቱና ዲስኩ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፈላሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ይለጠጣል፣ ይጨመቃል። «ብሎን ቢገባ አጠገቡ ያለው ዲስክ ምን ይሆናል?» «አኑለሱ የቱ ጋ ይሰነጠቃል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ይሄ ነው።

ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። ለእያንዳንዱ ቲሹ፣ ለአጥንቱም ለዲስኩም ለጅማቱም፣ የጥንካሬ ቁጥር ማስገባት አለባችሁ። ለውጫዊው ጠንካራ አጥንት ብዙ ሰው 12000 ሜጋፓስካል ይጠቀማል። ለውስጠኛው ስፖንጅ መሰል አጥንት 100 አካባቢ። የአኑለስ ቃጫዎች ከአግድሙ በ30 ዲግሪ ገደማ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። እነዚህ ቁጥሮች ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲቀባበሉ የኖሩ ናቸው። መነሻቸውን ፈልጉ። አንዳንዴ አያቱን ስትፈልጉ አንድ የቆየ ሙከራ ላይ ትደርሳላችሁ።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሞዴሌ ቅርጹ በሚሊሜትር ነበር። የአጥንቱን ጥንካሬ ግን በፓስካል አስገባሁት። አባከስ ዩኒት አያውቅም፤ የሰጣችሁትን ቁጥር ዝም ብሎ ይበላል። አጥንቴ ሚሊዮን ጊዜ ጠንክሮ ቁጭ አለ። ሥዕሉ ግን ቀለሙ ሲያምር! ሁለት ሳምንት ሳሳየው ከረምኩ። ኦፕንሲም ደግሞ በሜትር ነው የሚሠራው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ይህን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በሶፍትዌር በኩል አባከስና አንሲስ በጣም የተለመዱ ናቸው። ሁለቱም የተማሪ እትም አላቸው፤ ግን የሞዴሉን መጠን ይገድባሉ። ሙሉ ወገብ ከተፈለገ ገደቡ ቶሎ ይደርሳል። ፌቢዮ ነፃ ነው። የዩታና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለባዮሜካኒክስ ብለው የሠሩት ነው። አንድ ነገር ላይ በተለይ ጎበዝ ነው፤ ቲሹን እንደ ውሃ የያዘ ስፖንጅ አድርጎ ያሰላል። ይሄ ለዲስክ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ማታ ላይ ከጠዋቱ ቁመቱ 1 በመቶ ያህል ያጥራል፤ ዋናው ምክንያት ቀኑን ሙሉ ከዲስክ የሚጨመቀው ውሃ ነው። ጥያቄያችሁ ሰዓትን የሚያካትት ከሆነ፣ ለምሳሌ 8 ሰዓት የሚቀመጥ ሾፌር፣ ፌቢዮን አስቀድሙ። ለአንድ ቅጽበት ጭነት ብቻ ከሆነ የትኛውም ይሆናል።

ከኤል1 እስከ ሳክረም ያለውን ሁሉ በአንዴ አትጀምሩ። ኤል4፣ ኤል5ና መሃላቸው ያለው ዲስክ ይበቃል። ሙሉው ወገብ ያልተስተካከለ አንድ ዲስክ ካለው ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ዕድሜ ይፈጃል። በኡልም፣ ጀርመን፣ ሄወርና ባልደረቦቹ በ2007 ያደረጉት ነገር ለዚህ ይጠቅማል። የኤል4 እና ኤል5ን ጅማቶች አንድ በአንድ እየቆረጡ እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚሰፋ ለኩ። እናንተም ሞዴላችሁን ከባዶው ዲስክ ጀምራችሁ ጅማት እየጨመራችሁ ከዚያ መረጃ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

አንድ ማስታወሻ፤ ስሌቱ ሌሊቱን የሚያድር ከሆነ መሃል ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉት። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይታወቅም።

ጡንቻ የሌለው ወገብ እንዴት ይቆማል?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ጀማሪ ያሰናክላል። ጡንቻው የተገፈፈ ወገብ ከላይ በቀጥታ ቢጫኑት 90 ኒውተን አካባቢ ላይ ይተጣጠፋል። ሰውዬው ግን ቆሞ ሲሄድ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ፋይናይት ኤለመንት ውስጥ ጡንቻ ካልከተታችሁ ይህን እንዴት ትፈቱታላችሁ?

የተለመደው መፍትሔ በ1999 ፓትዋርዳንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነው። ጭነቱ በቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን የወገቡን ኩርባ እየተከተለ በየአከርካሪው መሃል እንዲያልፍ ይደረጋል። ተከታይ ጭነት ልንለው እንችላለን። እንዲህ ሲሆን ወገቡ 1200 ኒውተን ተሸክሞ ይቆማል። ለማጎንበስ 1175 ኒውተን ተከታይ ጭነትና 7.5 ኒውተን ሜትር ሞመንት፣ ወደ ኋላ ለመለጠጥ 500 ኒውተንና 7.5 መስጠት የተለመደ ነው። ቀላል፣ ርካሽ፣ ከሌሎች ጋር ለማስተያየት የሚመች። በቀዶ ሕክምና ወገብ ውስጥ የሚገቡ የተከላ ዕቃዎችን ለማነጻጸር ይበቃል እላለሁ።

ግን ይህ የአንድ የተወሰነ ሰው፣ የአንድ የተወሰነ ሥራ ጭነት አይደለም። ያንን ከፈለጋችሁ ሁለቱን ማዳቀል አለ። የጡንቻውን ኃይል በኦፕንሲም ታሰሉና ወደ ፋይናይት ኤለመንቱ ታስገባላችሁ። ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን የመጀመሪያው ሞዴል መገጣጠሚያው የሚዞርበት ነጥብና የሁለተኛው ዲስክ የሚዞርበት ነጥብ አይገጥሙም። የገባው ኃይል ሚዛኑን ይስትና ወገቡ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው አርቲሲንዝ ሁለቱን በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚያሰላ ይህን ያቃልላል፤ እሱም ነፃ ነው። ለማስተርስ ግን አልመክርም። ለዶክትሬት፣ አብሮ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ይሞከር።

የማን ወገብ?

የተዘጋጀ ቅርጽ ወስዶ ማስፋትና ማጥበብ አለ። የታካሚውን ምስል ወስዶ ከዜሮ መሥራትም አለ። አጥንት በሲቲ ስካን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ዲስክና ጡንቻ ደግሞ በኤምአርአይ። ስሪዲ ስላይሰር የሚባለው ሶፍትዌር እነዚህን ከምስሉ ላይ በነፃ ይለይላችኋል። ቶታል ሴግመንተር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አከርካሪዎችን ራሱ ይለያል። ድሮ ቀናት የሚፈጀው አሁን ደቂቃዎች ሆኗል። የለየውን ግን በዓይናችሁ እዩት፤ ኤል5ን ሳክረም የሚል ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ምስሉ የተነሳው ሰውዬው ተኝቶ ሳለ ነው። ሲቆም የወገቡ ኩርባ ይቀየራል። የተኛን ሰው ቅርጽ ይዛችሁ የቆመን ሰው ጭነት ብትጭኑበት ሞዴሉ ግማሽ ተኝቷል፣ ግማሽ ቆሟል። የቆመበት የጎን ራጅ ካለ ኩርባውን በዚያ አስተካክሉ።

የተዘጋጁት ሞዴሎች የጡንቻ መጠን ብዙውን ጊዜ ከአስከሬን የተለካ ነው፤ አስከሬኑም በአብዛኛው የሽማግሌ። የ25 ዓመት ጉልበተኛ ሸካሚ በዚያ ቢሞደል ጡንቻው አቅም ያንሰውና ስሌቱ መፍትሔ የለም ብሎ ይቆማል። ሶፍትዌሩን ከመራገማችሁ በፊት ይህን እዩ። ከሆስፒታል ምስል የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከወራት በፊት ጀምሩት። ስም ከፋይሉ ውስጥ መውጣቱንም ራሳችሁ አረጋግጡ። ምስሉ ላይ የሚታየውን ስም ብትሰርዙ እንኳ ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል ውስጥ ሊቀር ይችላል።

በምን ትመዝኑታላችሁ?

ሞዴል ስትመርጡ ከምን ጋር እንደምታስተያዩት አብራችሁ ምረጡ። ማስተያያ የሌለው ከሆነ እኔ አልጀምረውም።

ዋናው ማስተያያ በ1999 ቪልከና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። የአንድ ሰው ኤል4ና ኤል5 ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገቡ። ሲተኛ 0.1 ሜጋፓስካል፣ ሲቆም 0.5፣ 20 ኪሎ ጎብጦ ሲያነሳ 2.3፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ 1.7። ግፊቱን ወደ ኃይል ለመቀየር በዲስኩ ስፋት ታባዛላችሁ፤ ስፋቱን 1800 ካሬ ሚሊሜትር፣ ማስተካከያውን 0.66 ብትሉ 2.3ቱ ወደ 2700 ኒውተን ይሆናል። ማስተካከያው የሚያስፈልገው ግፊቱ ዳርና መሃል እኩል ስላልሆነ ነው። አስተውሉ፤ መላው ዓለም የሚደገፍበት ይህ መረጃ የአንድ ሰው ወገብ ነው። በርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ያሉት ደግሞ ጭነት በሚለካ ተከላ ከታካሚዎች የለኩትን ኦርቶሎድ በሚባለው ስብስብ ለሕዝብ ከፍተውታል።

ፋይናይት ኤለመንት ለመረጠ ደግሞ በ2014 የወጣውን የድራይሻርፍና ባልደረቦቹን ሥራ እጠቁማለሁ። ከተለያዩ የምርምር ማዕከላት 8 ሞዴሎች ወስደው አንድ ዓይነት ጭነት ጫኑባቸው። ውጤቶቹ ተለያዩ። የሁሉም መሃለኛ ዋጋ ግን ከአብዛኞቹ ብቸኛ ሞዴሎች በተሻለ ከልኬቱ ጋር ተቀራረበ። ለዚህ ነው አንድ ሞዴል ብቻ ሠርቶ ከነጥብ በኋላ ሁለተኛዋ አኃዝ ላይ ብቻ የሚታይ ልዩነት የሚያውጅ ጽሑፍ ሳይ ቅንድቤ የሚነሳው።

ጊዜያችሁ 3 ወር ከሆነና ላፕቶፕ ብቻ ካላችሁ፤ ወረቀት፣ ቀጥሎ ኦፕንሲም፣ ማስተያያው ቪልከ። የተከላ ዕቃ የምታጠኑ ከሆነ፤ ኤል4ና ኤል5 ብቻ፣ ተከታይ ጭነት፣ ማስተያያው ሄወር። ከዚያ ወደ ሙሉ ወገብ ማደግ ትችላላችሁ። የሕመምተኛን ጡንቻ የምትፈልጉ ከሆነ ገንዘቡን ለሶፍትዌር ሳይሆን ለኤሌክትሮዱ አውሉት። ለድርጅት የሕክምና መሣሪያ የምታረጋግጡ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2018 ያወጣውን ቪቪ40 የሚባል የሞዴል ተአማኒነት መስፈርት ሞዴሉን ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡት። ከጨረሳችሁ በኋላ ካነበባችሁት እንደገና መጀመራችሁ አይቀርም።